የእናቴ እርጥብ ጫማ

መኪናው ከረሜላ ከረሜላ እንደሚሸት መጀመሪያ የተናገረው የሰባት ዓመት ልጄ ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ «አባዬ፣ ማነው ከረሜላ የበላው?» አለኝ። ሳቅኩና አለፍኩት። የአባቴ ፔጆ 404 በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አሮጌ መኪና ደግሞ የራሷ ጠረን አላት ብዬ ነበር የማምነው።

አባቴ የገዛት ድሬዳዋ ነው። የምሥራቁን አገር የሚያውቅ ሰው 404ን ያውቃታል፤ በድሬዳዋና በሐረር ጎዳናዎች ስንት ዓመት ታክሲ ሆና አገልግላለች። ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1960 ማምረት የጀመሯት ይህች መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። አባቴ እነዚህን ዓመታት እንደ ዳዊት ይደግማቸው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋ ለእኔ ወጪ ብቻ ሆነችብኝ። በቤት ውስጥ አንዴም ሁለቴም «ብሸጣት ይሻላል» ብያለሁ።

እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለቷን ለማድረስ ስትነሳ ግን «በእሱ መኪና ነው የምሄደው» አለች። ታኅሣሥ 19 ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ በሌሊት ወጣን። እሷ ከፊት፣ ባለቤቴና ልጄ ከኋላ።

አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ በረታ። እናቴን ገልመጥ ሳደርጋት እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ ተቀምጣለች። «እግርሽን ዘርጊ እንጂ፣ እማዬ» አልኳት። «ተመችቶኛል፣ አንተ መንገዱን እይ» አለችኝ።

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ተራራውን መውጣት ይጀምራል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ጭሮ ሲደርስ 1,800 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሽቅብም ቁልቁልም ይበርራሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። አባቴ ያስተማረኝ ዘዴ ትዝ አለኝ፦ ሞተር ሲግል የውስጥ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ክፈተው። ተሳፋሪው ያልበዋል፣ ሞተሩ ግን ትንፋሽ ያገኛል። ከፈትኩት።

ከክሩስኮቱ ስር ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናው በእንፋሎት ተሞላ። የፈላ ውኃ እናቴ እግር ማሳረፊያ ላይ ፈሰሰ። መኪናውን እንዴት ዳር እንዳስያዝኩ አላስታውስም። በሯን ከፍቼ ሳወጣት እግሯን አልነካትም። የተረፈችው እግሯን ሰብስባ ስለነበር ብቻ ነው።

ያኔ ጫማዋን አየሁት። ወለሉ ላይ አውልቃው ነበር፤ ከውስጥ እስከ ውጭ ርሷል። ምንጣፉም ከአዳማ ጀምሮ እርጥብ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትሸጣታለህ ብዬ ፈራሁ» አለች።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በገመድ ጎትቶ ጭሮ አስገባን። እናቴ ዛሬም «አሰበ ተፈሪ» ነው የምትላት። መንገድ ዳር ካለች አነስተኛ ጋራዥ አንድ ሸምገል ያሉ ሜካኒክ ወጡ። ኮፈኑን ከፈቱና እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። «አሁን የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍት ፊቱን የሚጠላ ነው። ይቀዝቅዝ» አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የጎረቤት ሴት ለእናቴ ትኩስ ሆጃ አመጣችላት፤ ልጄ የቡና ገለባ ከወተት ጋር እንደሚጠጣ በዚያ ቀን አወቀ።

ሜካኒኩ የተሰነጠቀውን ማኒኮቶ አውጥተው አሳዩኝ። ጎማው በብረት ማሰሪያው ስር ደርቆ እንደ ባለፈበት እንጀራ ጠርዝ ይፈረፈራል። «ይሄ ዛሬ አልፈነዳም፣ ልጄ። ወራት ሲያለቅስ ነው የኖረው» አሉኝ። ከዚያ አስረዱኝ። ማሞቂያው ከክሩስኮቱ ስር የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ነው። የሞተሩ ትኩስ ውኃ በአንድ ቱቦ ይገባበታል፣ በሌላው ይመለሳል። ቱቦው ሲያፈስ ውኃው ይጎድላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ግፊት ከሌለ በጭሮ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩን ያጋለው ዳገቱ ብቻ አልነበረም። የአባቴ ዘዴ ትክክል ነበር፤ የደረቀ ቱቦ ላይ ሙሉ ግፊት የለቀቅኩበት ግን እኔ ነኝ።

የከረሜላው ሽታም ተፈታ፤ ኩላንት ነበር። ጣፋጭ ይሸታል፣ ጣፋጭም ነው፣ ነገር ግን መርዝ ነው። ልጅ ወይም ውሻ ሊልሰው ይችላል። ጠዋት ጠዋት በመስታወቱ ላይ የማገኘውና በጨርቅ የማይለቀው ቅባታም ጉምም ከዚያው የመጣ ነው። ሽታው፣ ጉሙ፣ እርጥብ ምንጣፉ፣ በየሳምንቱ የሚጎድለው ውኃ። አራት ምልክት ነበረኝ፤ አራቱንም «እርጅና ነው» ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

ልኩ የሆነ ቱቦ በከተማው አልተገኘም። ሜካኒኩ ከሞተሩ የሚወጣውንና ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አፍ በአንድ ቁራጭ ቱቦ አገናኙና ማሞቂያውን ከመስመር አወጡት። «ሞተሩ ደኅና ነው። ውስጥ ግን ሙቀት የላችሁም» አሉ። ሂሳቤን ተቀብለው መስኮቱን ያዝ አደረጉ። «ይሄ ማድረሻ ነው፣ ጥገና አይደለም። አደራ፣ ስትመለስ አስቀይረው።»

ሂርናንና ጨለንቆን አልፈን ቁልቢ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የዚያ ደጋ ብርድ አጥንት ይሰብራል። እናቴ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ የባለቤቴን ካልሲ አድርጋ፣ ስለቷን አደረሰች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

አዲስ አበባ ስንገባ መኪናዋ ትሄድ ነበርና የሜካኒኩን አደራ ለመርሳት አንድ ሳምንት በቃኝ። ያስታወሰኝ የእናቴ ጫማ ነው። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ተኮራምቷል። በማግስቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሁለቱንም ቱቦ ከነማሰሪያቸው አስቀየርኩ፣ ማሞቂያውም ታጥቦ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ለራዲያተሩ ትልልቅ ቱቦዎችም እድል አልሰጠኋቸውም። ጎማ በዕድሜ ይደርቃል፤ መኪናው ቆሞ ቢውልም ይደርቃል።

ለእናቴም መኪናዋን እንደማልሸጣት ነገርኳት። ይህን ቀደም ብላ ብትሰማ ኖሮ፣ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ዝም ብላ ያን ሁሉ መንገድ ባልተጓዘች ነበር።

አሁን ረዥም መንገድ ከመውጣታችን በፊት ውኃና ዘይት አያለሁ፣ ቱቦዎቹን በጣቴ ጫን ጫን አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ብዬ እጠይቃለሁ፦ «የሚሸታችሁ ነገር አለ? የረጠበ ነገርስ?» ልጄ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይሸተዋል። እናቴ ግን መጀመሪያ እግሯን ትዘረጋለች፤ ከዚያ ነው «እንሂድ» የምትለኝ።