መሃሉ የተበላ መሪ

መሪ የላላበት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ካቻቢቴ ነው። የመሪ ሳጥኑ ጎን ላይ በዳዶ የታሰረች አንዲት ማስተካከያ ብሎን አለች፤ ዳዶዋ ላላ ተደርጎ ብሎኗ ትንሽ ስትዞር መሪው እዚያው ይጠብቃል፣ ባለመኪናውም ደስ ብሎት ይሄዳል። በአሮጌ መኪና ላይ ከሚደረጉ ጥገናዎች ሁሉ እንደዚህኛው የሚያሳስበኝ የለም። ብሎኗ የተሠራችው ለማስተካከል እንጂ ጉዳት ለመሸፈን አይደለም። የተበላ ሳጥን ላይ ስትጠብቅ የምታመጣው አደጋ ከመላላቱ ይብሳል። ለምን እንደሚብስ ለማስረዳት ሳጥኑን መክፈት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ መኪናው ልናገር።

ሆት ሮድ ይሉታል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን በርካሽ እየገዙ ፓራፋንጓቸውን ፈቱ፣ ክብደታቸውን ቀነሱ፣ ሞተራቸውን አጎለበቱ፤ ከዚያም እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ እየነዱ ፍጥነት መለካት ጀመሩ። በ1937 ክለቦቻቸው ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። በጥር 1948 ደግሞ ሮበርት ፒተርሰን «ሆት ሮድ» የተባለውን መጽሔት ይዞ ብቅ አለ። ከሁሉም ይበልጥ የሚወደደው የ1932ቱ ፎርድ ነው፤ ፎርድ ስምንት ሲሊንደር ያለውን ቪ-8 ሞተር ተራው ሰው ሊገዛው በሚችል ዋጋ ያቀረበው በዚያ ዓመት ነበርና። ጉልበቱ 65 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ የሞተር ነው፤ ስንት ካርቡሬተር፣ ስንት ፈረስ። መሪውን የሚያነሳ ብዙ የለም።

መሪው ግን ችግር ሆኖ ቆይቷል። የ1932ቱ መኪና የራሱ የመሪ ሳጥን የተሰላው ለቀጭን ጎማና ለዘመኑ ፍጥነት ስለነበር ሞተሩ ሲጎለብትና ጎማው ሲሰፋ አቅም አጠረው። ሠሪዎቹ ታዲያ ወደ አሮጌ መኪና ግቢ እየሄዱ ከ1948 እስከ 1952 ከተመረተው ኤፍ-1 የፎርድ ፒክአፕ ላይ ሳጥኑን ፈትተው ያመጡ ጀመር። ጭነት ይዞ በገጠር መንገድ እንዲዞር የታሰበ ሳጥን ለዚህ ቀላል መኪና ከበቂ በላይ ሆነ። ይህ ምርጫ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ገንዘብ ያልነበራቸው ልጆች የትኛው ዕቃ ምን እንደሚችል በእጃቸው ፈትተው፣ ገልብጠው አይተው ያገኙት ዕውቀት ነው።

እኔ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንዲህ ያሉ መኪኖችን አልፎ አልፎ እጠግናለሁ። የእህቴ ልጅ እሁድ እሁድ ያግዘኛል። በቅርቡ የመጣልን የ1932ቱ ፎርድ የኤፍ-1 ሳጥን ተገጥሞለት ነበር፤ ባለቤቱም «ሳጥኑን አጥብቁልኝ» ብሎ ሰጥቶን ሄደ።

ምርመራው ያለ ክሪክ ነው የሚጀምረው። ጎማው መሬት ይዞ ካልተቋቋመ ልልነቱ የት እንዳለ አይታይም። ሞተሩ ጠፍቶ ልጁ መሪውን በስሱ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ እኔ ከሥር ተኝቼ ከጎማው ተነስቼ ወደ ሳጥኑ እሄዳለሁ። ባትሪ ይዣለሁ፤ ከዓይኔ ይልቅ የምተማመነው ግን በጣቴ ነው። ጣትን ሁለት ዕቃዎች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው አድርጎ መያዝ ነው። አንዱ ተንቀሳቅሶ ሌላው ከዘገየ፣ ዓይን ያላየውን ጣት ወዲያው ይለየዋል።

«ጋሼ፣ እዚህ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይሄዳል» አለኝ ልጁ ከላይ።

«አታቋርጥ፣ ቀስ ብለህ ቀጥል» አልኩት።

የግራው ቴስቲኒ ትንሽ ይንኮሻኮሻል። ረጅሙ የመሪ ዘንግ ደህና ነው። ሳጥኑ ዘንድ ስደርስ ግን ጣቴ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ፤ ሳጥኑ ራሱ በሻንሲው ላይ ይላወሳል። ሳጥኑን የሚይዘው ቁራጭ ብረት የተበየደበት ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ ዝገቷ ቀይ ዱቄት ሆኖ ዙሪያዋን አቅልሞታል። ይህን ሳያዩ ብሎን ማጥበቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቀጥሎ መኪናውን አንስተን ኪንግ ፒኑንና የጎማ ኩሽኔታዎቹን ነቀነቅን፤ ደህና ናቸው። የፊት አክስሉ ምን ያህል ወደ ኋላ ዘመም እንዳለም ለካን። በእነዚህ አሮጌ ፎርዶች ላይ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ መሆን አለበት፤ መኪናው ዝቅ እንዲል ሲቀየር ይህ ዘመም ከጠፋ መኪናው መንገዱ ላይ ይቅበዘበዛል፣ ሰውም ጥፋቱን ሳጥኑ ላይ ያላክካል። የዚህኛው ደህና ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሳጥኑ የተመለስነው፤ እውነትም የመሪው ዘንግ ሲዞር ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የኤፍ-1 ሳጥን መሪው ወደ 18 ዲግሪ ሲዞር ክንዱን አንድ ዲግሪ ያንቀሳቅሳል። ስፋቱ 40 ሴንቲሜትር በሆነ መሪ ጠርዝ ላይ 5 ሴንቲሜትር ባዶ ጉዞ ካለ፣ ክንዱ ዘንድ ሲደርስ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ጥርሱ ላይ ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ መበላት ነው። እጅ ላይ ያን ያህል የሚሰማው ነገር ውስጥ ሲታይ የጥፍር ውፍረት እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሳጥኑን ስናወርድ መጀመሪያ ክንዱና ዘንጉ የተገናኙበትን ቦታ በነጥብ ምልክት አደረግንበት፤ ክንዱ የወጣው በፑለር ነው። በመዶሻ የሚያወጡት አሉ፤ ምቱ በዘንጉ በኩል ገብቶ ውስጥ ያለውን ሮለርና ኩሽኔታ ይጎዳል። ክዳኑ ሲከፈት የጠቆረ፣ የደረቀ ግሪስ ግድግዳው ላይ ተጋግሮ ነበር፤ ጥርሱ ላይ ግን ምንም የለም። ይህ በብዙ ሳጥኖች ላይ የሚታይ ጥፋት ነው። ዘይቱ ሲያፈስ ሰው ወፍራም ግሪስ ይሞላበታል፣ ጥርሱ ግሪሱን አንዴ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ግሪሱም አይመለስም።

ዎርም የሚባለው ዕቃ ከመሪው በሚመጣው ዘንግ ላይ የተጠመዘዘ ጥርስ ነው፤ ወገቡ ቀጭን፣ ሁለት ጫፎቹ ወፍራም ናቸው። ሮለሩ በዚያ ጥርስ ውስጥ እየተንከባለለ ክንዱን ያዞራል። አጥበን ወደ ብርሃን ስናወጣው ጫፎቹ ላይ የፋብሪካው ልስልስ ፊት እንዳለ አለ። መሃሉ ላይ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሮለሩ የሚያርፍበት ቦታ፣ የብረቱ ቆዳ ተቆራርሶ ጥቃቅን ጉድጓድ ሠርቷል።

መኪና ብዙውን ዕድሜውን የሚፈጀው ቀጥ ብሎ በመሄድ ነው። እኛ የምንፈራው ኩርባውን ነው፤ በኩርባ ላይ እንጠነቀቃለን፣ መሪውን በሁለት እጅ እንይዛለን። ሳጥኑን የበላው ግን ማንም ልብ ያላለው ቀጥታ መንገድ፣ እጅ ሳያውቀው ሲያደርጋት የኖረው ትንሿ የግራና የቀኝ ማስተካከያ ናት። ይህን የተበላ ብረት በእጄ ይዤ ባየሁ ቁጥር፣ ቀላል መስሎን በየቀኑ ስለምንሠራው ሥራ ያለኝ ግምት ይለወጣል።

የብሎኗም አደጋ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሳጥን ሆን ተብሎ መሃሉ ላይ ጠበቅ፣ ጫፎቹ ላይ ላላ ተደርጎ ይሠራል። መሃሉ ሲበላ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ብሎኗ ደግሞ መሃሉን ከጫፉ አትለይም፤ ሮለሩን በሁሉም ቦታ እኩል ወደ ውስጥ ትገፋዋለች። ቀጥታው መንገድ ላይ ልልነቱ ይጠፋል፤ ሲታጠፍ ግን ያልተበላው ጥርስ ይይዛል፣ መሪው በራሱ መመለስ ያቅተዋል። አሽከርካሪው ያንን የሚያውቀው ኩርባው መሃል ሲደርስ ነው።

ለኤፍ-1 ሳጥን አዲስ ዎርምና ሮለር ያለው ዘንግ ዛሬም ይመረታል፤ ሁለቱን፣ ኩሽኔታዎቹን፣ የነሐስ ቡሾቹንና ኦይል ሲሉን ቀየርን። ቡሾቹ ከተመቱ በኋላ ለዘንጉ ልክ ተፋቁ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በቅድሚያ ጫፍ ክዳኑ ሥር ስስ ቆርቆሮዎቹን እየጨመሩና እየቀነሱ የዎርሙ ኩሽኔታ ልልነት ይወገዳል፤ ዎርሙ ወደ ላይና ወደ ታች ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም፣ ግን በጣት ይዞራል። ቀጥሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ዙር እንደሆነ ተቆጥሮ ለሁለት ይካፈላል፤ መሃሉ ያ ነው። ማስተካከያዋ ብሎን ተራዋ የሚደርሰው እዚያ ነጥብ ላይ ብቻ ነው፣ ክንዱም ከዘንጎቹ ጋር ሳይያያዝ። ልጁ መሪውን ከዳር ወደ መሃል ሲያመጣው ትንሽ ክብደት ተሰማው፤ አለፍ ሲል ቀለለው። ሁለት ሦስቴ ደጋገመው፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እኔንም ደስ አሰኘኝ። ቅባቱን በተመለከተ፣ በክፍል 00 የሚመደበውን ከፊል ፈሳሽ ግሪስ መረጥኩ፤ እንደ ዘይት አይፈስም፣ ከጥርሱ ላይ ሲገፋ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ባለመኪናው ሲመጣ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት የሸቭሮሌ ቬጋን ሳጥን ብንገጥም አይሻልም ወይ ሲል ጠየቀን። ቬጋ ከ1970 እስከ 1977 የተመረተች ትንሽ መኪና ናት፤ ሳጥኗ ቀላል ነው፣ ብዙ ሆት ሮድም ይነዳበታል። ሆኖም በእሱ አሠራር ዘንጉ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አግድም ይሄዳል። የአሮጌው ፎርድ የፊት ባሌስትራም አግድም የተኛ ስለሆነ ሻንሲው በላዩ ወደ ጎን ይዋልላል፤ ይህን የሚይዝ ተጨማሪ ዘንግ ካልተበጀ መሪውን ሳይነኩት መኪናው ይታጠፋል። የኤፍ-1 ዘንግ ግን በጎን በኩል ከኋላ ወደ ፊት ስለሚሄድ ይህ ጣጣ ያን ያህል አያገኘውም። ሳጥኑን የሚይዘው ብረት ስንጥቅ ተፍቆ፣ በወፍራም ብረት ተደግፎ እንደገና ሳይበየድ ሳጥኑን እንደማልመልስለት ነገርኩት። ቴስቲኒውም ይቀየራል። አንድ ሳምንት መጠበቅ እንዳለበት ሲሰማ ጥቂት አሰበና ተስማማ፤ ቁልፉንም ትቶልን ሄደ።