ሁሉ የሚነገርበት ክፍል

ሲግመንድ ፍሮይድ በቪየና የጀመረው ሕክምና ለታካሚው የሚሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ወደ ሐሳብህ የመጣውን ሁሉ ሳትመርጥ ተናገር። ያሳፍር፣ ተራ ይምሰል፣ ሐኪሙን ያስቀይም፣ ብቻ አታስቀረው። ሳይኮአናሊሲስ የሚባለው ጥበብ ያለዚህ አንድ እርምጃ አይራመድም። በ1934 ግን (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የኦስትሪያው ቻንስለር ዶልፉስ ተቃዋሚዎቹን አግዶ የሠራተኞችን መኖሪያ በመድፍ ካስደበደበ በኋላ፣ የቪየና ሳይኮአናሊስቶች ማኅበር አባላቱ በሕቡዕ ፓርቲ እንዳይሳተፉ፣ በሕቡዕ የሚታገል ሰውም እንዳያክሙ ከለከለ። ይህን የምታወሳው ማሪ ላንገር ናት። በዚያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ፣ የኮሙኒስት ፓርቲ አባልና ሳይኮአናሊስት ለመሆን የቆረጠች ወጣት ነበረች።

ማኅበሩ ለምን እንደፈራ ይገባኛል። ከአባላቱ ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ፤ ጎረቤት ጀርመን በሂትለር እጅ ወድቃለች፤ የፍሮይድ መጻሕፍት ከዓመት በፊት በርሊን ላይ ተቃጥለዋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ማኅበር ፖሊስ በሩን እንዳያንኳኳ አንገቱን ቢደፋ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም ክልከላው የጎዳው የራሱን ሕክምና ነው። ሌሊቱን በራሪ ወረቀት ሲያባዛ ያደረ ሰው ጠዋት መጥቶ ስለ ሌሊቱ ዝም ማለት ካለበት ሕልሙንም መናገር አይችልም። ሕልም፣ ፍሮይድ ራሱ እንዳስተማረው፣ ከትናንት ውሎ ቆንጥሮ ነው የሚመጣው፤ ውሎውን የደበቀ ሕልሙን ደበቀ። ላንገር ቆይታም ቢሆን የተነሣችበት ጉዳይ ይኸው ነው፦ ሁሉ ይነገርበታል በተባለ ክፍል ውስጥ የማይነገር ነገር እንዲኖር መወሰኑ።

የተወለደችው በ1910 ቪየና ውስጥ ከባለጸጋ የአይሁድ ቤተሰብ ነው። ቅርቦቿ ሚሚ ይሏታል። በአንድ የሐኪሞች የሰላም ስብሰባ ላይ ተይዛ ለአጭር ጊዜ በታሰረች ጊዜ ከሳይኮአናሊሲስ ሥልጠናው ልትባረር ምንም አልቀራት፤ የተሟገተላት የራሷ ተንታኝ የነበረው ሪቻርድ ስቴርባ ነው። እሷ ግን ብዙም አልቆየች። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ከቀዶ ሕክምና ባለሙያው ከማክስ ላንገር ጋር ሄዳ የስፔንን ሪፐብሊክ ሊከላከሉ በመጡት በዓለም አቀፍ ብርጌዶች የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ገባች። ያ ጦርነት ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ሙሶሊኒ በዚያው ዓመት ግንቦት አዲስ አበባን ይዞ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው አውሮፕላኖቹን በሪፐብሊኩ ላይ ላመፀው ለጄኔራል ፍራንኮ መላክ ጀምሯል። በብርጌዶቹ አገልግሎት ማክስ ሲቀድ እሷ ማደንዘዣ ትሰጥ ነበር።

ሪፐብሊኩ ሲዳከም ከስፔን ወጡ። ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ወደ ቪየና መመለስ የማይታሰብ ሆነ። በ1938 ኡራጓይ፣ በ1942 ደግሞ ቦነስ አይረስ ገቡ። እዚያም ከስፔናዊው አንኼል ጋርማና ከሌሎች ጋር የአርጀንቲናን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር መሠረተች፤ ከመሥራቾቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሩብ ምዕተ ዓመት ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ዝም አለች። ስደተኛ ናት፤ ልጆች ታሳድጋለች፤ መንግሥቱ በግራ ዘመሞች ላይ ዓይኑ ክፉ ነው። ማርክስን ወደ ጎን አድርጋ ታካሚዎቿን አየች፣ የቡድን ሕክምናን አስፋፋች፣ በ1951 ስለ እናትነትና ስለ ወሲብ አንድ መጽሐፍ አሳተመች። በዘመኑ ደፋር መጽሐፍ ነበር፤ የኋለኛው ትውልድ ሴቶች ግን ሴትን ከማሕፀኗ ጋር አጥብቆ አስሯል ብለው ተችተውታል፤ ትችቱም ተገቢ ይመስለኛል። ማክበር የሚገባን ስፔን የዘመተችውን ወጣት ብቻ ሳይሆን ይህችን ዝም ያለች ሴትም ነው፤ ፍርሃትን ከውስጥ የምታውቅ ስለነበረች በኋላ የተናገረችው ሁሉ ክብደት አለው።

ዝም ባለችበት ጊዜ እንኳ ዓለም በመስኮት ይገባባት ነበር። በ1949 ቦነስ አይረስን አንድ ወሬ ያጥለቀልቃታል። ወጣት ባልና ሚስት ጨቅላ ልጃቸውን ለቤት ሠራተኛቸው ትተው ማታ ሲኒማ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ቤቱ በመብራት ደምቋል። ሠራተኛዋ የእመቤቷን የሙሽራ ልብስ ለብሳ በክብር ትቀበላቸውና ወደ ገበታው ትመራቸዋለች። በትልቁ ሳህን ላይ የቀረበላቸው የተጠበሰ ልጃቸው ነው። አውሪዎቹ እውነትነቱን አይጠራጠሩም ነበር። ላንገር ሰምታ አልተሳቀቀችም፤ እንደ ሕልም ተነተነችው። በውስጡ የሕፃንነትን ፍርሃት፣ የምታጠባዋ እናት የምትበላም እንዳትሆን የሚጨነቀውን ልብ አየች። የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ፔሮን በ1955 ከወደቀ በኋላ ደግሞ በ1957 ባወጣችው መጽሐፍ ወሬውን ከሚስቱ ከኤቫ ፔሮን ጋር አያያዘችው። ድሃ ተወልዳ ቤተ መንግሥት የገባችውን ያቺን ሴት የሚጠሏት ጥላቻቸውን በአደባባይ መናገር አይችሉም ነበር፤ ወሬው ግን ተናገረላቸው። የሙሽራ ልብሱ ለእኔ ሁሉን ይናገራል፤ ጌቶች በገዛ ቤታቸው የቦታ መለዋወጥን ፈርተዋል። ከላንገር ሥራ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ፖለቲካንና የልጅነት ቅዠትን በአንድ ዓይን ማየት የሚቻል መሆኑን ከየትኛውም መግለጫ በተሻለ ያሳያልና።

በግንቦት 1969 የአርጀንቲናዋ የኮርዶባ ከተማ ሠራተኞችና ተማሪዎች በወታደራዊው አገዛዝ ላይ ተነሡ። ስድሳ ዓመት የተጠጋት ሴትም ዝምታዋን ሰበረች። በ1971 የዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ጉባኤ ቪየና ላይ ተካሄደ፤ የፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ ከ1938 ስደት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዋ የተመለሰችበት ጉባኤ ነው። ላንገር እዚያው ቆማ ስለ ሳይኮአናሊሲስና ስለ ማኅበራዊ አብዮት ጽሑፍ አነበበች። በዚህ ጊዜ ማርክስንም ፍሮይድንም አንተውም አለች። «በዚህ ጊዜ» የምትለዋ ቃል ለማን እንደተወረወረች 1934ን የሚያስታውስ ሁሉ ይገባዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ከጓደኞቿ ጋር ራሷ ከመሠረተችው ማኅበር ወጣች። በ1974 መጨረሻም ትሪፕል ኤ የተባለው ነፍሰ ገዳይ ቡድን ስለዛተባት ወደ ሜክሲኮ ተሰደደች፤ እንደገና ስደት መሆኑ ነው።

በኒካራጓ አምባገነኑ ሶሞሳ በ1979 ወደቀ። ከ1981 ጀምሮ ላንገርና በሜክሲኮ ያሉ ባልደረቦቿ በየወሩ እየተፈራረቁ ወደዚያ እየሄዱ በሌዎን የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምሩ፣ የጤና ሠራተኞችን ያሠለጥኑ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏት ጓዟን ይዛ ትመላለሳለች። ዓመታት የሚፈጀው የሶፋ ላይ ትንታኔ ለዚያ አገር አይሆንም፤ ታዲያ ከፍሮይድ ምን ይወሰድ? እሷ ዋና ዋናውን ለይታ አወጣች፦ ማዳመጥ፣ ሰው የማያውቀው የራሱ ሐሳብ እንዳለው ማመን፣ በአንድ ልብ ውስጥ ፍቅርና ጥላቻ አብረው እንደሚያድሩ መገንዘብ። ይህን አንድ ነርስ በመንደር ጤና ጣቢያም ልትጠቀምበት ትችላለች። በጦርነት ልጅ የሞተባቸው እናቶች ብዙ ነበሩ። ልጃቸው ጀግና ተብሎ ተወድሷል፤ በውዳሴው መካከል ግን ማልቀሻ ጊዜ አላገኙም፤ እርም ሳይወጣ የቀረው ሐዘን በራስ ምታት፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ ምክንያቱ በማይታወቅ ሕመም ይመጣ ነበር። ለእነዚህ እናቶች ጀግና ከማለት በፊት ልጅሽን ንገሪኝ የሚል ሰው ማሠልጠን ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ በሐዘን ቤት የተቀመጠ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እሞግታታለሁ። በ1982 መጀመሪያ ሶሞሳን የጣለው የሳንዲኒስታ መንግሥት ሚስኪቶ ከተባለው ነባር ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከኮኮ ወንዝ ዳር መንደሮቻቸው በግድ አንሥቷል፤ መንደሮቹም ተቃጥለዋል። ላንገር ኒካራጓን እንደ ሁለተኛዋ ስፔን ወደደቻት፤ የስፔን ሽንፈት ያሳደረባት ቁስል በዚያ የዳነ መስሏት ነበር። እንዲህ የወደደ ሰው ከወደደው ወገን በደል የደረሰበትን ለማዳመጥ ይቸገራል። መንደሯ የተቃጠለባት የሚስኪቶ ሴት ማን እንዳቃጠለው ጮክ ብላ የምትናገርበት ክፍል ያስፈልጋት ነበር፤ ለአብዮቱ የቆመ ሐኪም ያንን ክፍል መክፈት የሚችለው የአብዮቱን ስም ጠርታ ስትከስ ችሎ ከሰማት ነው። ላንገር ታኅሣሥ 1987 በካንሰር ቦነስ አይረስ ላይ ዐርፋለች። የቪየናን ክልከላ ለመኮነን የተጠቀመችበት መለኪያ ግን ለምትወዳቸው አብዮተኞችም ይሠራል፤ እኔም ሥራዋን በዚያው መለኪያ ማየት አክብሮት እንጂ ድፍረት አይመስለኝም።