ያልበላ ሰው ምስክርነት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከወር ደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ስልክ ወይም ጫማ በኢንተርኔት ለማዘዝ ባሰባችሁ ጊዜ፥ ከዋጋው ቀጥሎ ዓይናችሁ የሚያርፈው በተደረደሩት ኮከቦችና «ገዝተን ወደድነው» በሚሉት ሰዎች ቃል ላይ ሳይሆን አይቀርም። የእኔም ዓይን እዚያው ነው የሚያርፈው። መርካቶ ቢሆን ጨርቁን ዳስሰን፥ ጫማውን ለክተን፥ ነጋዴውንም ተከራክረን ነበር የምንገዛው፤ በሩቅ ያለውን ዕቃ ግን የምንዳስሰው በማናውቀው ሰው እጅ ነው። ታዲያ ያ ሰው ዕቃውን ጨርሶ ያላየው ቢሆንስ?

በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የተጀመረውን ነገር ላጫውታችሁ። ኡባህ በትለር የሚባል ጸሐፊ አለ። ቀደም ሲል እግሩ ያልረገጣቸውን ምግብ ቤቶች እያመሰገነ ሲጽፍ ለአንዱ ጽሑፍ 10 ፓውንድ ይከፈለው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ኋላ ግን የሚኖርባትን የጓሮ ጎጆ «ምግብ ቤት ናት» ብሎ ትሪፕአድቫይዘር በተባለው ድረ ገጽ አስመዘገበ። በመላጫ አረፋና በቀለም «ምግብ» ሠርቶ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ወዳጆቹ ምስጋና ጻፉለት፤ ስልክ ለሚደውል ሁሉ መልሱ «ቦታ የለንም» ነበር። (ሰው የተከለከለውን እንዴት ይወዳል!) በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጎጆዋ ከ18,000 በላይ ከሆኑት የለንደን ምግብ ቤቶች አንደኛ ተባለች። ከዚያም አንድ ማታ በሩን ከፍቶ፥ ከሱቅ የተገዛ ርካሽ የተዘጋጀ ምግብ አሙቆ ቢያቀርብ፥ ከእንግዶቹ መካከል ተመልሰው ለመምጣት የጠየቁ ተገኙ። እኔን የሚያስደንቀኝ የሰውዬው ውሸት አይደለም፤ የገዛ ምላሳቸውን ትተው ያነበቡትን ያመኑት እንግዶች ናቸው እንጂ።

በትለር ይህን ያደረገው ሊጽፍበት ነው። በዚሁ ዘዴ የሚነግዱ ግን ብዙ ናቸው። የሚጎዳውም ገዢው ብቻ አይደለም፤ ወጡን በሚገባ ሠርቶ ምስጋና የማይገዛው ባለ ምግብ ቤት ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል።

በአሜሪካ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ የሐሰት አስተያየት መሸጥንም መግዛትንም፥ ነቀፌታ የጻፈውን ሰው አስፈራርቶ ቃሉን ማስጠፋትንም ይከለክላል። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የጸናው የብሪታንያ ሕግ ደግሞ አስተያየቱን የሚያወጣው ድረ ገጽ ራሱ ሐሰቱን እንዲከላከልና እንዲያነሣ ግዴታ ጥሎበታል። ለእኔ ይኸኛው ይበልጥብኛል፤ ገበያውን ከፍቶ የሚያተርፍ ሰው ሚዛኑንም ሊጠብቅ ይገባዋልና።

ሕግ ግን በእያንዳንዱ ግዢ አጠገባችሁ አይቆምም። እኔ አምስት ኮከቡንም አንድ ኮከቡንም አልፌ፥ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አነባለሁ፤ «ባትሪው እስከ ማታ አያደርሰኝም» የሚል ሰው ስልኩን ይዞት ሳይውል አልቀረም። በአንድ ቀን ተከታትለው የወጡ፥ አንዱ ካንዱ የተቀዳ የሚመስሉ ምስጋናዎች ካየሁ ግን ገንዘቤን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ።