በሐዋሳ ሐይቅ ዳርና በታቦር ሥር

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፥ በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር የተቀመጠችውን ሐዋሳን ያገኛል። ስሟ በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ማለት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲከበር ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ጎዳናዎቿን ይሞላቸዋል።

እኛ ግን በከተማይቱ ስንመላለስ ያሰብነው ከዚያ ሕዝብ መካከል ስለሚጎድሉት ነው። እነዚህ በሃይማኖት ስም የቆሰሉ ናቸው። ራእይ ተገለጠልኝ ባይ ገንዘባቸውን ወስዶባቸዋል፤ ወይም በግዘት አስፈራርቶ ከዘመድ ለይቷቸዋል፤ ወይም መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት ነው ብሎ አስጨንቋቸዋል። በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ማስተማራቸው ስለዚህ ነበር።

እንዲህ የተጎዳ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ሲከፍት የሚሰማው የአስጨናቂውን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ይዘጋዋል። ይህን ክሕደት ነው ብለን አንፍረድበት። የተመታበት መጽሐፍ ለእርሱ ጠበቃው መሆኑን ገና አልነገሩትም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ በጎቹን ትተው ራሳቸውን የሚያሰማሩትን እረኞች በብርቱ ይወቅሳል። ዲድስቅልያም ኤጲስ ቆጶስ የሚመለሰውን በርኅራኄ እንዲቀበል ያዝዛል።

አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ፥ አባ ኮዳዎችም ትራፊውን ሲጠብቁ አይተን የዮሐንስ ወንጌል 21ኛው ምዕራፍ ትዝ አለን። ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የደከሙትን ደቀ መዛሙርት በፍም እሳት ላይ ዓሣ፥ ከዚያም ጋር እንጀራ አዘጋጅቶ አበላቸው፤ ጴጥሮስን ስለ ፍቅር የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። በጎቹን አደራ ሲሰጠውም እንዲያሰማራቸው እንጂ እንዲገፋቸው አላዘዘውም።

ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው ተራራ ደግሞ ታቦር ይባላል፤ ስሙም ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረውን የደብረ ታቦር በዓል ያሳስባል። በዚያ ሙሴና ኤልያስ ታዩ። ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በወደቁ ጊዜ ግን ጌታ ዳስሶ አነሣቸው፤ ዓይናቸውን ቢያነሡ ከእርሱ ብቻ በቀር ማንንም አላዩም። ታላላቆቹ ነቢያት እንኳ ዞር ካሉለት፥ የዛሬው ነቢይ ነኝ ባይ በምእመንና በጌታ መካከል ሊቆም እንዴት ይቻለዋል?

እንግዲህ ወላጆችና ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ከቤታችሁ እንዲህ የቆሰለ ቢኖር በግድ ወደ ቅዳሴ አትጎትቱት፤ የበዳዩንም በደል አትሸፍኑ። በማታ ከወንጌል ጥቂት በዝግታ አንብቡለት፤ ጥያቄውን ሳትቆጡ ስሙት፤ ሲፈቅድም የታመነ የንስሐ አባት ፈልጉለት። ቁስል በአንድ ቀን አይሽርም፤ የፍቅር ጌታ ግን በባሕሩ ዳር እንደ ጠበቃቸው እርሱንም ይጠብቀዋል።