ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦግ

ጉና ተራራ አጠገብ ባለችው ጋሳይ አዲስ ቤት የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለበርና መስኮቱ ነው፤ የጉና ብርድ ቀዳዳ አያጣም። ይኼኛው ግን በስልክ የሚታዘዝ አምፖል አስገጠመ።

ማታ መብራት ጠፋ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ቦግ! ዶሮው ሳይቀር ጮኸ።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ አምፖሎች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ በሙሉ ብርሃን እንዲበሩ ሆነው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። መተግበሪያው ውስጥ ገብቶ «እንደነበረ ይቆይ» የሚለውን ምርጫ መንካት ይበቃል። ዋይፋዩም 2.4 ጊጋኸርዝ ይሁን፤ አብዛኞቹ 5ቱን አያውቁትም።

ዋናው ፈተና እናቱ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ ያደርጉታል፤ ያኔ አምፖሉ ስልክም አይሰማም። (እውነት ለመናገር እሳቸው ይፈጥናሉ።) መፍትሔው ከማብሪያው ኋላ የምትደበቅ ትንሽ ሪሌ ናት፤ በእጅም በስልክም ትሠራለች። ገዛት። ማብሪያውን ሲፈታው ግን ለሪሌዋ የሚያስፈልጋት ኒውትራል ሽቦ እዚያ ድረስ አልተዘረጋም።