«ኳንተም» የሚቀጥረው ማንን ነው?



ዛሬ የምጽፈው ስለ ኳንተም ነው። መድረሳ የተማረ የኢማም ረዳት በዚህ ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛ አረቅጥ ላይ ልጅ ግራ ሲገባው ወደ መስጂድ ብቅ ይላል፤ ያገባኝም በዚያ በኩል ነው።

አንድ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አለፈ። በ2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ያለፉት ከተፈታኞቹ 8.4 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ሰፈሩ በሙሉ ተደስቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። በሦስት ወር የኳንተም ሰርተፍኬት፣ ከዚያ ውጭ አገር ሥራ የሚል ማስታወቂያ ነው። «ኡስታዝ፣ ዩኒቨርሲቲውን ትቼ እዚህ ብገባስ? ለክፍያው እናቴ ጊደሯን ልትሸጥልኝ ነው» አለኝ። የአንዲት እናት ጊደር ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ቀን ታገሠኝ አልኩትና ከአንድ የፊዚክስ መምህር ጋር ቁጭ ብለን ነገሩን አገላበጥነው።

ማስታወቂያው እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ዘርፍ ለሦስት ክፍት የሥራ ቦታ የሚገኘው ብቁ ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ማስታወቂያዎቹ «ሦስት ሥራ፣ አንድ ሰው» የሚለውን ይወስዱና «ብቁ» የሚለውን ይዘሉታል።

ብቁ የሚባለው ታዲያ ማነው? የምናውቀው ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ይሠራል። የኳንተም ኮምፒውተር ሁለቱን ባጣመረ ሁኔታ ውስጥ ሊሆን የሚችል «ኪዩቢት» የሚባል ነገር ይጠቀማል። አይቢኤምና ጉግል የሚሠሩት ዓይነት ቺፕ ሥራውን የሚሠራው ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። (የጉመርን ብርድ የምታማርሩ፣ ስሙ!) ይህን ያህል የሚያቀዘቅዝ ማሽን ፓምፕ አለው፣ ቱቦ አለው፣ የሽቦ ጫካ አለው። ይበላሻል፣ ይጠገናል። እኔን የገረመኝም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት 21 ኩባንያዎችን ጠይቆ ነበር። ኩባንያዎቹ የፊዚክስ ዶክተር ብቻ አይደለም የሚፈልጉት፤ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ፣ ሌዘር የሚያስተካክል፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም ይፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ በእጁ ሠርቶ የሚያውቅ። ሙያው ካለ፣ ስለ ኳንተም የሚያስፈልገው ዕውቀት በላዩ ሊጨመር ይችላል። ሰርተፍኬቱ ብቻውን ግን ሙያ አይሆንም።

አገራችን በዚህ ዕውቀት ባዶ ናት ማለቴ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፍስሐ ካሳሁን በኳንተም ኦፕቲክስ ላይ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ በዚሁ መስክ ማስተርስና ዶክትሬት የሠሩ ልጆችም አሉን። ነገር ግን ትምህርቱ በአብዛኛው የወረቀትና የእርሳስ ስሌት ነው። ለተመራቂው ያለው ዋና ቀጣሪም ተመልሶ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው።

ውጭ አገርስ? አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ ሥራ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማስታወቂያው ይህንንም አይነግራችሁም። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ወደ ዐረብ አገር ነው። የሳዑዲው አራምኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓስካል ከተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ባለ 200 ኪዩቢት ኮምፒውተር ለማስተከል ተስማምቷል። አቡዳቢም የራሷ የኳንተም ምርምር ማዕከል አላት። እህቶቻችን ለቤት ሠራተኝነት፣ ወንድሞቻችን ለሾፌርነትና ለእረኝነት የሚሄዱባቸው አገሮች እነዚሁ ናቸው። ልጁ በሌላ በር ቢገባ አልጠላም። በሩ ግን በሦስት ወር አይከፈትም።

ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። ጊደሯ ትቆይ። ዩኒቨርሲቲህን ግባ፤ ከቻልክ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ወይም ፊዚክስ ምረጥ፣ ከላብራቶሪም አትጥፋ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የኳንተም ኮምፒውተሩን በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፍቷል፤ ኪስኪት የሚባለው የፕሮግራም መሣሪያውም በነፃ ይገኛል። ከዚያ በፊት ግን ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መቻል ይጠይቃል። ለኮዲንግ ጅማሮ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ እሱም ነፃ ነው፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ኮሌጅ ገብታችሁ ኤሌክትሮኒክስ ወይም የማቀዝቀዣ ጥገና የምትማሩም፣ ከዩኒቨርሲቲ ቀረን ብላችሁ ራሳችሁን አታሳንሱ፤ የናንተን እጅ የሚፈልግ ቦታ በዚያ ዓለምም አለ።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አዲስ አበባ ፊዚክስና ኤሌክትሪካል የምታስተምሩ የአካባቢያችን ልጆች፣ ለዐረፋ አገር ቤት ስትገቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡን። መስጂዱ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ ቡናውም ከኛ ነው። ልጆቹ ለኔ ጥያቄያቸው በዝቶብኛል።