የላሙ አህዮች

በኬንያ ጠረፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ላሙ የምትባል ደሴት አለች። ስሟ ለአማርኛ ሰሚ ላምን ቢያሳስብም ከተማዪቱ የምትተዳደረው በአህያ ነው። እኛም ወደዚያ የሄድነው የድንጋይ ቤቶቿንና የተቀረጹ በሮቿን ለማየት እንጂ አህያ ለመጐብኘት አልነበረም። አውሮፕላኑ ማንዳ በምትባለው በጎረቤት ደሴት አወረደን፤ ከዚያም በጀልባ ተሻግረን ከወደቡ ስንደርስ ከሰው አስቀድመው የተቀበሉን አህዮች ሆኑ።

አሮጌዪቱ ከተማ በ2001 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) መንገዶቿ እጅግ ጠባቦች ስለ ሆኑ መኪና ሊገባባቸው አይችልም። በጀልባ የመጣው አሸዋ፣ ሲሚንቶና ዱቄት ሁሉ ወደየቤቱ የሚደርሰው በአህያ ጀርባ ነው። ማታ ጭነቱ ሲራገፍላቸው በየመንገዱ ይለቀቃሉ፤ እንደ ሽማግሌዎችም በየደጃፉ ቆመው ያመሻሉ።

በቁመታቸው ትንንሾች ናቸው፤ ትከሻቸው ከወገባችን ብዙ አያልፍም። እኛን ያስደነቀን ግን ሰው መልመዳቸው ነው። አንዲት ውርንጭላ ከእናቷ ተለይታ መጣችና አፍንጫዋን በእጅጌያችን ውስጥ አግብታ አሸተተችን። በአገራችን አህያ ሰው ሲቀርባት ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ ሰው የሚቀርባት በበትር ነውና። በላሙም ገጣባ ያለባቸው አህዮች አልጠፉም፤ ሆኖም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የታመመ አህያ በነጻ የሚታከምበት መጠጊያ በከተማዪቱ ይገኛል።

ሁለት አህዮች ገዝተን በግቢያችን ለልጆቻችን ብናረባ ምን ይሆን የሚል አሳብ የመጣብን በዚያ ምሽት ነው። ይህንኑ ለአንድ ባለ አህያ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ብንነግራቸው፣ «ምን ትጭኑባቸዋላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። ምንም አንጭንም ብንላቸው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እንግዲያስ ቀኑን ሙሉ ምን ያደርጋሉ?» አሉን።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አህያን ለጓደኝነት ብቻ ማርባት በሌላ አገር የታወቀ ነገር ነው። በሲሲልያና በሰርዴኛ ደሴቶች የነበሩት ድንክ አህዮች በ1929 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ መወሰድ ጀመሩ፤ በዚያም አገር ደንብ ድንክ የሚባለው ቁመቱ ከ91 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ እንስሳ ለማኖር የሚያስፈልገውን ባጠናን ጊዜ ደስታችን በጥቂቱ ቀዘቀዘ። አህያ በመልካም አያያዝ ከ30 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ማለት ዛሬ ሕፃን የሆነው ልጃችን ጐልምሶ ከቤት ሲወጣ እርሷ ገና ከደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ብቻዋንም አትቀመጥም፤ ጓደኛዋ የሞተባት አህያ መብል እስከ መተው ድረስ ታዝናለች። ጠጕሯ እንደ ፈረስ ጠጕር ዝናብን አይመልስምና ለክረምታችን ጥላ ያሻታል። ገብስ አብዝቶ የሚያበላትም የሚወዳት ይመስለዋል እንጂ ሰኮናዋን ያሳምማታል፤ የሚስማማት ጭድ ነው። ሰኮናዋም በየሁለት ወሩ ገደማ ሊከረከም ይገባል።

በትግርኛ «አድጊ» የምንላት ይህች እንስሳ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ከ7000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪቃ ከሰው ጋር እንደ ተላመደች ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ የዱር ዘመዶቿም በኤርትራና በኢትዮጵያ ቆላ፣ በደንከል በረሃ፣ ለመጥፋት ተቃርበው እስከ ዛሬ አሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቆዳዋ በቻይና ለመድኃኒት ስለ ተፈለገ ብዙዎቹ ታረዱ፤ ከድኻው ቤትም በሌሊት ተሰረቁ። ውሃ የምታመላልስለት አህያ የተሰረቀችበት ቤት ከዚያ በኋላ ውሃውን የሚሸከመው በሴቶቹ ጀርባ ነው። የአፍሪቃ መሪዎች በየካቲት 2024 ዓ.ም. ለቆዳ የሚደረገው እርድ እንዲታገድ ተስማምተዋል።

ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያገኘን ይመስለናል፤ ልጆቻችን ሲመግቧቸው፣ ሲቦርሿቸውና ጠዋት ጠዋት ሲያዞሯቸው ይውላሉ። ስለዚህ ግቢያችንን በሜትር ለክተናል፤ በምሥራቁ አጥር በኩል ለሁለት የሚበቃ ጥላ ይወጣል። የቀረን የጭዱን ዋጋ መጠየቅና፣ አህያ በሌሊት እንደምታናፋ ለጎረቤቶቻችን አስቀድሞ መንገር ነው።